ከፖርት ደ ፖየንሳ እስከ ሳ ካሎብራ፦ ባለአጃቢ መኪና የብስክሌት ቀን ሲመዘን

በስፔኗ ደሴት በማዮርካ፣ ፖርት ደ ፖየንሳ በምትባለው የሰሜን ወደብ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ መንገዱ የብስክሌተኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ሆቴሎቹ ደጃፍ ላይ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ጋላቢዎች ይሰባሰባሉ፤ ጀርባው የተከፈተ ቫን ይቆማል፤ መሪዎቹ የጎማ ንፋስ ይለካሉ። እዚህ የምንመዝነው ከሳምንቱ ጉዞ ውስጥ ረጅሙን ቀን ነው፦ ወደ 160 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ሲደመር ከ2,700 እስከ 3,000 ሜትር የሚደርስ ዳገት፣ አንድ አጃቢ ቫን፣ መካኒክም የሆነ ሹፌር፣ ከፊትና ከኋላ የሚሄዱ ሁለት መሪ ጋላቢዎች። የአዘጋጁን ስም አንጠራም፤ የዚህ ዓይነቱ ቀን አቀራረብ ከአንዱ አዘጋጅ ወደ ሌላው ብዙም ስለማይለያይ፣ የምንለው ነገር ከማንም ጋር ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንንገር። መሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ መካኒኩ ሙያውን አሳምሮ ያውቃል፣ ምግቡም በመጠን በቂ ነው። ሁለት ነገሮች ግን ተበላሽተዋል፦ መነሻ ሰዓቱና ቫኑ በትልቁ ዳገት ላይ የሚቆምበት ቦታ። አጃቢ መኪና ዋጋ የሚኖረው በሚያስፈልግበት ሰዓት በሚያስፈልግበት ቦታ ሲገኝ ነው፤ አለዚያ የተከፈለው ገንዘብ ለሻንጣ ማመላለሻ ሆኖ ይቀራል። ከአምስት ሦስት ተኩል እንሰጠዋለን፤ ሁለቱ ቢታረሙ አራት ተኩል ይገባው ነበር።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከወደቡ ተነስቶ በፖየንሳ ከተማ በኩል የኮል ደ ፌመኒያን ዳገት ይወጣል («ኮል» የተራራ መተላለፊያ ማለት ነው)፤ ከዚያ በዩክ ገዳም አቅራቢያ አልፎ ኤምኤ 10 በሚባለው የተራራ ጎዳና ወደ ደቡብ ምዕራብ ይቀጥላል። ሳ ካሎብራ ወደምትባለው የባሕር ዳር መንደር የሚወስደው መገንጠያ ላይ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ቀጥሎ የጎርግ ብላውን ግድብ አልፎ ፑች ማዮር በሚባለው ከፍታ ላይ ይደርስና ወደ ሶዬር ይወርዳል። ከሶዬር በኮል ደ ሶዬር አሮጌ መንገድ ወጥቶ በቡኞላ፣ በኦሪየንት፣ በአላሮና በካምፓኔት በኩል ወደ መነሻው ይመለሳል። ተራራው ሴራ ደ ትራሙንታና ነው፤ ዩኔስኮ በ2011 የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ለተፈጥሮው ሳይሆን ገበሬዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ ላበጁት እርከንና ቦይ ነው። የኮንሶን እርከን የሚያውቅ ሰው እዚያ ሲያልፍ ዓይኑ ይለምደዋል።

አሁን ስለ ሰዓቱ። ሰዓት የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ስንል በስፔን ሰዓት 8:00 ማለት ነው። አዘጋጁ የሚነሳው 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሆቴሉ ቁርስ ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት አይከፈትም። ከ2 ሰዓት የተነሳ መካከለኛ ቡድን የፌመኒያን ጫፍ 3 ሰዓት ገደማ ያገኛል፤ የሳ ካሎብራ መገንጠያ ላይ የሚደርሰው ደግሞ አጭር ማረፊያ ተጨምሮበት ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። የቱሪስት አውቶቡሶችና የኪራይ መኪናዎች ወደዚያ ጠባብ መንገድ የሚጎርፉት ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ ነው። አውቶቡስ መታጠፊያው ላይ መላውን መንገድ ይይዛል፤ ወደ ታች የሚወርደው ብስክሌተኛ ይቆማል፣ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ ምቱን ያጣል። መነሻው 1 ሰዓት ላይ ቢሆን መውረጃው ባዶ ይገኛል። በሚያዝያ መጨረሻ ፀሐይ ከ1 ሰዓት በፊት ስለምትወጣ ብርሃን አያግድም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሆቴሉ የታሸገ ቁርስ ማታውን እንዲያዘጋጅ ማዘዝ። ከመክፈላችሁ በፊት «ሳ ካሎብራ መገንጠያ ላይ ስንት ሰዓት ነው የምንደርሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ4 ሰዓት በፊት የሚል መልስ ካገኛችሁ አዘጋጁ መንገዱን ያውቀዋል።

በቡድን አጋላለብ ረገድ ይህ አዘጋጅ ጥሩ ነው። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ወስዶ ምልክቶቹን ያስረዳል፦ እጅ ወደ ታች ተጠቁሞ ጉድጓድ፣ እጅ ከጀርባ ተወዛውዞ የቆመ መኪና ወይም እንቅፋት፣ መዳፍ ወደ ላይ ተዘርግቶ መቆም። ምልክቱን የፊተኛው ብቻ አይሰጥም፤ እያንዳንዱ ለኋላው ያስተላልፋል። የስፔን ሕግ ሁለት ሁለት ሆኖ መጋለብን ይፈቅዳል፤ መኪና ሲያልፍ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅም ያስገድዳል። ከከተማ ውጭ የራስ ቁር ግዴታ ነው፣ ጆሮ ማዳመጫ ማድረግም ያስቀጣል። ለአልኮል የሚደረገው ምርመራ ብስክሌተኛንም ይመለከታል፤ ምሳ ላይ ወይን የሚያዙ ይህን ይወቁ።

ቡድኑ በአቅም ለሁለት መከፈሉም ተገቢ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ላይ ዳገት ሲወጣ ፈጣኑ ጫፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ይጠብቃል፤ በላብ የረጠበ ሰው በ800 ሜትር ከፍታ ንፋስ ላይ ሃያ ደቂቃ ከቆመ ጡንቻው ይደርቃል፣ ቀጣዩ ቁልቁለት ላይም እጁ ፍሬን በወጉ አይዝም። ስለዚህ ደንቡ «በዳገት ሁሉም በየአቅሙ፣ መገናኛ ጫፍ ላይ ብቻ» ነው፤ የኋላው መሪ ከመጨረሻው ሰው ፈጽሞ አይለይም። ይህን በተግባር ያደርጉታል፤ የሚመሰገኑበትም ነገር ነው።

ቫኑም ከቡድኑ ጀርባ እየተጎተተ አይሄድም። ይህ አንዳንድ ደንበኛን ያስከፋል፤ ገንዘብ ከፍዬ መኪናው የት አለ ይላል። ነገር ግን ኤምኤ 10 ላይ ቫን በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ከብስክሌት ኋላ ቢሄድ ከጀርባው የመኪና ሰልፍ ይፈጠራል፤ የተበሳጨ ሹፌር መታጠፊያ ላይ ሊያልፍ ይሞክራል፤ አደጋው የሚመጣው ያኔ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ቫኑ ቡድኑን አልፎ ሄዶ፣ መንገድ ዳር ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ጠብቆ፣ እንደገና መቅደም ነው።

ፌመኒያ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በአማካይ 5.5 በመቶ የሚያዘነብል ዳገት ነው። ለመክፈቻ ልከኛ ነው፤ ጥላ አለው፣ ድንገተኛ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም። ስህተቱ እዚህ መቸኮል ነው። ትንፋሹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከማያናግረው ሰው ይልቅ እያወራ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። የመጀመሪያው ማረፊያ ኮል ደ ሳ ባታያ ላይ ካለው ነዳጅ ማደያ አጠገብ ነው፤ ቦታው በብስክሌተኛ ስለሚጨናነቅ ቫኑ ውኃና ሙዝ ይዞ ከመቶ ሜትር ወዲያ መቆሙ ጊዜ ያተርፋል። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የሳ ካሎብራ መንገድ በ1932 በኢንጂነር አንቶኒዮ ፓሪየቲ ንድፍ የተሠራ ነው። መገንጠያው ላይ መጀመሪያ ወደ ኮል ደልስ ሬይስ ትንሽ ይወጣል፤ ከዚያ 9.5 ኪሎ ሜትር ገደማ በ26 ጠባብ መታጠፊያዎች እየተጠማዘዘ እስከ ባሕሩ ይወርዳል። ከላይ አካባቢ መንገዱ 270 ዲግሪ ዞሮ በራሱ ሥር የሚያልፍበት ቦታ አለ፤ የአገሩ ሰው «የከረባት ቋጠሮ» ይለዋል። ወደ መንደሩ የሚያስገባ ሌላ የመኪና መንገድ ስለሌለ የወረደ ሁሉ መውጣት አለበት። ይህ ማለት ውሳኔው የሚደረገው ከላይ ነው፤ ጉልበቱ የደከመ፣ ፍሬኑ የሚያጠራጥር፣ ማርሹ የሚዘል ሰው መውረድ የለበትም። ጥሩ መሪ ይህን ኮል ደልስ ሬይስ ላይ ቆሞ በግልጽ ይናገራል፤ እነዚህ ይናገራሉ።

አወራረዱን በተመለከተ፦ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፣ መታጠፊያው ውስጥ ይለቀቃል። እጅ ታችኛው መያዣ ላይ ይሁን፤ እዚያ ጣት በትንሽ ጉልበት ብዙ ይይዛል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ጫን አድርጎ መውረድ ትልቁ ስህተት ነው። በዲስክ ፍሬን ዲስኩ ይግልና ጩኸት ይጀምራል፣ የፍሬን ጫማውም አቅሙን ያጣል። ካርቦን ቸርኬ ላይ በቀጥታ በሚጨብጥ አሮጌ ፍሬን ደግሞ ቸርኬው ራሱ በሙቀት ሊበላሽ፣ ካላማዳሪያውም ሊፈነዳ ይችላል። ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ነው ዘዴው። ከታች አካባቢ መንገዱ በሁለት አለቶች መካከል ይጠባል፤ እዚያ ከፊት የሚመጣው ስለማይታይ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው።

መውጫው በአማካይ 7 በመቶ ነው፤ በድምሩ ወደ 680 ሜትር ከፍታ። ቁጥሩን ወደ ማርሽ እንለውጠው። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 85 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 180 ዋት ገደማ ያስፈልጋል፤ 9.5 ኪሎ ሜትሩ 57 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት የፊት ማርሽ 34 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 34 ጥርስ ከሆነ እግር በደቂቃ 79 ጊዜ ይዞራል፤ ምቹ ነው። የኋላው 28 ጥርስ ብቻ ከሆነ ግን ወደ 65 ይወርዳል፤ ድካም ሲመጣ ደግሞ 50 ይሆናል፣ ጉልበት ላይ ሕመም የሚጀምረውም ያኔ ነው። የኪራይ ብስክሌት ስታዝዙ የኋላውን ማርሽ ጥርስ ቁጥር በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከ32 በታች አትቀበሉ። ከንፋስ መከለል እዚህ ምንም አያተርፍም፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚታገለው ከክብደት ጋር ነው። ስለዚህ የጓደኛን ጎማ ለማሳደድ ከራስ ምት መውጣት ከንቱ ድካም ነው።

ቫኑ እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። አዘጋጁ መንደሩ ድረስ አውርዶ ከታች ያቆመዋል፤ ደንበኛው ባሕሩ ዳር ቡና ሲጠጣ መኪናው አጠገቡ እንዲሆን ነው ሐሳቡ። ነገር ግን ቫኑ ከታች በቆመ ጊዜ ማንም መኪና አያስፈልገውም፤ ሰው ገና ወርዶ መድረሱ ነው። የሚያስፈልገው ከላይ ነው። አንደኛ፣ ሲወርዱ የሚለበሰውና ሲወጡ የሚወልቀው ጃኬት ከላይ ቢሰጥ፣ ከላይ ቢመለስ ይበጃል። ሁለተኛ፣ ከአንድ ሰዓት ዳገት በኋላ የውኃ ጠርሙሱ ባዶ የሚሆነው ጫፉ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ቫኑ ሲመለስ ከአውቶቡሶቹ ኋላ ይጣበቅና ከፈጣኖቹ ጋላቢዎች በኋላ ይደርሳል፤ እነሱም ያለ ልብስ ንፋስ ላይ ይጠብቁታል። ትክክለኛው ቦታ ኮል ደልስ ሬይስ ወይም ከመገንጠያው አጠገብ፣ በአሮጌው የውኃ ማስተላለፊያ ቅስት ዘንድ ያለው ማቆሚያ ነው። ከታች ለሚወድቅ ሰው የኋላው መሪ አለ፤ ቫኑም ከላይ ሆኖ በስልክ ተጠርቶ በሃያ ደቂቃ ገደማ ይወርዳል።

ከመገንጠያው ቀጥሎ ያለው ክፍል ሰው የማይጠነቀቅበት ነው። ከባዱ አለፈ ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን መንገዱ በጎርግ ብላውና በኩበር ግድቦች በኩል እያዘገመ ወደ 850 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ እግሩ የዛለ ሰው የሚሰበረው እዚህ ነው። ዋሻዎችም አሉ። የፊትና የኋላ መብራት ቀን ቢሆንም መበራት አለበት፤ ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባ ዓይን ለጥቂት ሰከንድ ይታወራል፣ ከኋላ የሚመጣው ሹፌርም እንደዚያው ነው። ጥቁር መነጽር ከመግባት በፊት ይወልቃል። የፑች ማዮር ተራራ ራሱ የደሴቲቱ ከፍተኛ ነው፣ 1,400 ሜትርን ያልፋል፤ ጫፉ የጦር ሠራዊት ራዳር ስላለበት አይወጣም። ከዋሻው ወዲያ 14 ኪሎ ሜትር ወደ ሶዬር የሚወርድ ሰፊ፣ ጥሩ አስፋልት ያለው ቁልቁለት አለ። የደረት መከለያ ሳይለብሱ አይወረድም፤ ሚያዝያ ውስጥም ቢሆን ላብ ላይ የሚነፍሰው ንፋስ አንጀት ድረስ ይገባል።

ምሳው ሶዬር ላይ ነው፤ ከ85 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ። ሶዬር የብርቱካን ሸለቆ ናት፣ አሮጌ የእንጨት ትራምዋይ በመሃሏ ያልፋል፤ ቆይታ ትጋብዛለች። አዘጋጁ ሬስቶራንት ውስጥ አንድ ሰዓት ይሰጣል፤ ይህ ይበዛል። ከከተማው ወጥቶ ወዲያው ኮል ደ ሶዬር ይጀምራል፦ 7.4 ኪሎ ሜትር፣ ወደ 6 በመቶ። ሙሉ ሰሃን ፓስታ በልቶ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዳገት የጀመረ ሰው ሆዱ ይገለበጣል፤ ደም ወደ እግርም ወደ ሆድም እኩል ሊሄድ አይችልምና። የሚሻለው ሠላሳ ደቂቃ ቆሞ ከቫኑ ቀለል ያለ ነገር መብላት ነው፤ ቡኞላ ላይ ደግሞ አሥር ደቂቃ መድገም። ዳገቱ ራሱ ደስ ይላል። መኪናዎች ከሥር ባለው ዋሻ ያልፋሉ፤ ለብስክሌት ዋሻው ክልክል ነው። የዋሻው ክፍያ በ2017 ከቀረ ወዲህ አሮጌው መንገድ ለብስክሌት ብቻ የተተወ ይመስላል።

ስለ ምግብ ትንሽ እንቆይ፣ ለአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ የሚገባ ነገር አለና። ሰባት ስምንት ሰዓት የሚጋልብ ሰው በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ (ካርቦሃይድሬት) ያስፈልገዋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ፣ አንድ ጄል እንደዚያው፣ ዱቄት የተበጠበጠበት ጠርሙስ 40 ግራም ያህል ይሰጣል። ውኃ በየሰዓቱ ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር። ራብ እስኪሰማ መጠበቅ አይገባም፤ ጉልበት አንዴ ከከዳ በመብላት ወዲያው አይመለስም። ቫኑ ላይ ሩዝ ኬክ፣ ሙዝ፣ ተምር፣ ጨዋማ ለውዝ፣ ዳቦ አለ፤ ብዛቱ አያሳስብም።

የሚያሳስበው ዓይነቱ ነው። ኤንሳይማዳ የሚባለው የደሴቲቱ ታዋቂ ጥቅል ኬክ ለዓይን ንጹሕ ዱቄትና ስኳር ይመስላል፤ ስሙ ራሱ የመጣው «ሳይም» ከሚለው ቃል ነው፣ የአሳማ ስብ ማለት ነው። ሶብራሳዳ የሚባለው ቀይ ቅባት ዳቦ ላይ የሚቀባ የአሳማ ሥጋ ነው። ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ሆናችሁ ሁለቱን ለዩአቸው፤ አዘጋጁ በምዝገባው ቅጽ ላይ «የምግብ ገደብ» ብሎ ይጠይቃል፣ ነገር ግን ማረፊያው ላይ ምግቡን አይለይም፣ ምልክትም አያደርግበትም። ይህ ሊታረም የሚገባው ግድፈት ነው።

የጾም ነገርም አለ። የማዮርካ ብስክሌት ወቅትና ዓቢይ ጾም ይገጣጠማሉ። ደግነቱ የአገሩ ሰው ዕለት ዕለት የሚበላው «ፓ አምብ ኦሊ» ለጾመኛ የተሠራ ይመስላል፦ ጠቆር ያለ ዳቦ፣ ላዩ ላይ ቲማቲም የታሸበት፣ የወይራ ዘይትና ጨው። አይብና ሥጋውን እንዲያስቀሩ ብቻ መንገር ነው። ሩዝ፣ ተምር፣ ሙዝ፣ ድንች በጨው ሁሉም ይሆናል። እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ይህን ቀን መጋለብ ግን አይቻልም፤ በ26 መታጠፊያ ቁልቁለት ላይ ራስ መዞር ሕይወት ያስከፍላል። እንደዚያ የሚጾም ሰው ቀኑን ከፋሲካ በኋላ ያድርገው፤ ረመዳንም ላይ እንደዚሁ።

በሶ ይዞ የሚሄድ ብልህ ነው፣ ግን በልኩ። ገብሱ ጥሩ ኃይል ይሰጣል፤ አሰሩ ብዙ ስለሆነ ግን በከባድ ዳገት መሃል ሆድ ይነፋል። ጠዋት ከመነሳት አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ጠበቅ አድርጎ በስኳር መጠጣት፣ መንገድ ላይ ግን ቀጠን ያለ፣ በጠርሙስ ከሁለት ማንኪያ ያልበለጠ። ከዚያ በላይ ከሆነ የጠርሙሱ አፍ ይደፈናል። ቆሎ ዳገት ላይ አይሆንም፤ ትንፋሽ በበዛበት ሰዓት ያንቃል። ለማረፊያ ይቆይ።

መካኒኩን በተመለከተ ከሙሉ ልብ እናመሰግናለን። የቫኑ ጀርባ በሥርዓት የተደረደረ ነው፦ የፊትና የኋላ መለዋወጫ ጎማ ከነዲስኩ፣ አጭርና ረጅም ቫልቭ ያላቸው ካላማዳሪያዎች፣ የእግር ፖምፓ ከነመለኪያው፣ የፍሬን ጫማ፣ የሰንሰለት ማያያዣ ለ11ም ለ12ም ማርሽ፣ በልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ፣ ቅባት፣ ጨርቅ። የሰንሰለት ማያያዣው መለየቱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የ11 ማያያዣ በ12 ሰንሰለት ላይ ከገባ ጥርሱ ላይ ይዘላል ወይም ከነጭራሹ ይለቃል። ረጅም ቫልቭም እንደዚያው፤ ጥልቅ ቸርኬ ላይ አጭር ቫልቭ ያለው ካላማዳሪያ ፖምፓው የሚይዘው ጫፍ አይተርፈውም፣ እዚያው ተቀምጦ የማይነፋ ጎማ ይሆናል።

የሚጎድለው አንድ ነው፣ ግን ቀን ያበላሻል፦ የኋላ ማርሽ ማንጠልጠያ። ብስክሌት በቀኝ በኩል ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጣመመው ይህች ትንሽ ብረት ናት፤ ፍሬሙን ለማዳን ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጋ የተሠራች ናት። ብዙው የፍሬም ዓይነት የራሱ ስላለው አንዱ ለሌላው አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። የኪራይ ብስክሌቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ መካኒኩ የእነሱን ይይዛል፤ የራሱን ብስክሌት በአውሮፕላን ይዞ የመጣ ሰው ግን የራሱን መለዋወጫ ካልያዘ ያን ቀን ቫን ውስጥ ይጨርሳል። ዋጋውም ሆነ ክብደቱ ትንሽ ነው፤ በሻንጣ ውስጥ ይግባ። በባትሪ የሚሠራ ማርሽ ያለውም ማታውን ባትሪውን ይሙላ፤ ሁለቱ ማርሾች አንድ ባትሪ የሚጋሩ ከሆነ፣ ባትሪው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆመው የፊት ማርሹ ነው፣ ከዚያ የኋላው።

የጎማ ንፋስ ላይ መሪዎቹ ከብዙ ጋላቢ ጋር ይከራከራሉ፣ ልክም ናቸው። 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 5 ባር ይበቃዋል። እስከ 7 እና 8 የሚሞሉት ፍጥነት የሚጨምር መስሏቸው ነው፤ በተራራው አስፋልት ላይ ጎማው ይዘላል፣ መታጠፊያ ላይም አይጨብጥም።

ከኮል ደ ሶዬር በኋላ ያለው መንገድ በቡኞላ በኩል ወደ ኦሪየንት የሚወስደው ጠባብ የደን መንገድ ነው፤ የቀኑ መጨረሻ ቁም ነገር ያለው ዳገት፣ ኮል ዶኖር፣ እዚያ አለ። አላሮ ሲደርሱ ተራራው አለቀ።

ግን ቀኑ አላለቀም። ከካምፓኔት እስከ ወደቡ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ነው፣ ከሰዓት በኋላም ከባሕሩ ወደ መሬት የሚነፍሰው ንፋስ ፊት ለፊት ይመጣል። ምድሩ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣና የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ለመያዝ ይገባል፤ የአገሩ ሰው «ኤምባት» ይለዋል። ዳገት ላይ ያልጠቀመው ቡድን የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ላይ በሰው ጀርባ የተከለለ ጋላቢ የፊተኛው ከሚያወጣው ጉልበት ሩብ ያህሉንና ከዚያም በላይ ይቆጥባል። መሪዎቹ ሁለቱም ወደ ፊት መጥተው ቡድኑን ይጎትታሉ፤ ሌላው በሁለት መስመር እየተቀያየረ አንድ አንድ ደቂቃ ብቻ ፊት ይይዛል። ከፊት የሚወርድ ሰው ፔዳል መምታቱን ሳያቋርጥ፣ ወደ ጎን ገለል ብሎ፣ ቀስ እያለ ይመለስ። በድንገት ፍሬን የያዘ ሰው ከኋላው ያለውን ሁሉ ይጥላል፤ ከ130 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ማንም ቶሎ አይነቃም። ጎማ ከጎማ ጎን እንዲደራረብ አትፍቀዱ፤ የፊተኛው ትንሽ ወደ ጎን ቢል የሚወድቀው የኋለኛው ነው። ፊት መያዝ ያቃተው ሰው በቃል «አልያዝም» ብሎ ከኋላ መቀመጥ ይችላል፤ እነዚህ መሪዎች ያንን ማንንም ሳያሳፍሩ ማስተናገዳቸው ትልቅ ሙያ ነው።

ከቆይታ ጋር ቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ዋጋው ውስጥ መሪ፣ ቫን፣ መካኒክ፣ የመንገድ ምግብና ውኃ አሉ፤ የሶዬር ምሳና የብስክሌት ኪራይ የሉም። መድን የየራስ ነው። ሼንገን ቪዛ ለማግኘት የሚገዛው የ30,000 ዩሮ መድን ሕክምናን ይሸፍናል፤ ብዙ ውሎች ግን ስፖርትን ከሽፋኑ ያወጣሉ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ውሉ ላይ «የመንገድ ብስክሌት» የሚል ቃል መኖሩን በዓይኑ ይይ። አውሮፓ ነዋሪ የሆነ የአውሮፓ የጤና ካርዱን ይያዝ። የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 112 ነው፤ ለሰሜኑ ክፍል ቅርብ የሆነው የመንግሥት ሆስፒታል ኢንካ ከተማ ላይ ነው።

የኪራይ ብስክሌት ሲረከቡ ፍሬሙን፣ ቸርኬውንና የማርሽ ማንጠልጠያውን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ሲመልሱም እንደዚያው። የራሳችሁን ፔዳል ከገጠማችሁ ሲፈታ የግራው ጥርስ በተቃራኒ መሆኑን አትርሱ፤ ሁለቱም ፔዳሎች የሚፈቱት ቁልፉ ወደ ኋላ ጎማ ሲዞር ነው። መፍቻውን መካኒኩ ቫኑ ውስጥ፣ በስተግራ በኩል ካለው የላይኛው መሳቢያ ያቀብላችኋል።